ከእሺ ሌላ ቃል

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

የልብስ ማጠቢያ ተራችን አለፈ። ከምሠራበት ትምህርት ቤት ኩሽና ወጥቼ፣ አውቶቡስ ጠብቄ፣ ቅርጫቴን ተሸክሜ ወደ ሕንጻው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ወደ ትቬትስቱጋው፣ ስወርድ አንድ ጎረምሳ የራሱን ልብስ ከቶ ማሽኑ ይሽከረከራል። ተራው የኛ ነው ብለው ከስልኩ ቀና ሳይል ትከሻውን ሰበቀ። በአማርኛ ሰደብኩት። አልገባውም። ለኔ ግን ቀለል አለኝ።

ወጥቼ ለባሌ ለአድነው ነገርኩት። ድሮ ቢሆን ተራ የሚይዘው እሱ ነበር። ቁልፉ በኪሱ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ሄዶ በሩ ላይ የሚገተረው እሱ። ማነው ደፋሩ ብሎ ይነሳ ነበር።

"እሺ" አለኝ።

"ተራችንን ቀሙን እኮ ነው የምልህ!"

"እሺ።"

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ያለችው ቃል ይቺው ናት። ቀኝ እጁ ዝሏል፣ በምርኩዝ ይራመዳል። የምንለውን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ዓይኑ ላይ ይታየኛል። አፉ ግን እሺ ብቻ። ዕድሜዬን በሙሉ እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው! በር ዝጋ ስለው መስኮት የሚከፍት ሰው! አሁን ልስደበው ብል እሺ፣ ላልቅስ ብል እሺ። ከማን ጋር ልጣላ?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 11

ሎጎፔዷ ጋ ሄድን። የንግግር ሐኪም ናት፣ ፍሪዳ ትባላለች። ልጄ ብትሆን የመጨረሻዋ ነበረች።

ሥዕል ያለበት ካርድ ታስቀምጣለች። ከሥሩ አንድ ክንድ የሚያህል ቃል። ረጅም ቃል እንዳለ አይዋጥም አለች። መጀመሪያ መጋጠሚያው ይፈለጋል፣ የት ጋ እንደተሰፋ። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ይቆረጣል፣ በየቁራጩ ጠረጴዛውን በግራ እጅ መታ ማድረግ ነው። ቱ-ኔል-ባ-ና። አራት ምት።

አስተርጓሚው በስልክ ነው ያለው። ፍሪዳ ቱኔልባና ስትል እሱ በዚያኛው ጫፍ "የምድር ውስጥ ባቡር" ይላል። አድነው የቱን ይምታ? ከስዊድንኛው ሁለት ምት፣ ከአማርኛው ሦስት፣ ከዚያ ጠፋበት። ፍሪዳ ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች። "አንተ ሰውዬ ቃሏን አትተርጉም፣ ዝም በል!" ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ።

ዝም ሲል አድነው አስተካክሎ አራቴ መታ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

ፍሪዳ በደስታ አጨበጨበች። ምኑ ነው የሚያስደስተው? አውቶቡስ ሲነዳ ጡረታ የወጣ ሰው፣ የየፌርማታውን ስም በማይክራፎን ሲጠራ የኖረ ሰው፣ እንደ ዳጊስ፣ እንደ ሕፃናት መዋያ ልጅ ጠረጴዛ ይደበድባል። አንጀቴ አረረ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 19

ዛሬ ሰው ልገድል ነበር።

ሥራ ላይ ሆኜ የቤት ለቤት ረዳቷ መጣች። አዲስ ናት፣ ቢጫ ፀጉር፣ ፈገግታዋ አያልቅም። ስገባ ሳህኑ ላይ የአይብ ፍርፋሪ። ሁዳዴ ከገባ ገና ሳምንት ሳይሞላው!

"ጠይቄው ነው" ትላለች። "አይብ ትፈልጋለህ አልኩት፣ እሺ አለኝ።"

ይቺን እሺ የምትባል ቃል ደግሞ እሷም ለምዳታለች። የታመመ ይበላል፣ አውቃለሁ፣ ቄሱም ነግረውኛል። ግን አልፈለገም! ከልጅነቱ አንድ ጾም ገድፎ የማያውቅ ሰው። ያጎረሰችውን በልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። "አድነው" አልኩት። አልዞረም።

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ሳልጽፈው እንቅልፍ አይወስደኝም። ልሞክር።

ከማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ አንዲት ሴትዮ መጣች። የሥራዋ ስም ቢስቶንድስሃንድሌጋረ ነው። ለሽማግሌ ምን እርዳታ ይሰጥ የምትል ሰው ናት፣ በቃ። ለዚህ ይሄ ሁሉ ስም! ልጄ አክሱማዊትም ከሥራ ቀርታ መጣች። ሳልጠራት። ለካ ያመለከተችው እሷ ናት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፣ አስተርጓሚ ገባ። ሴትዮዋ አድነውን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ በትህትና፣ ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር ጥሩ ኤልድረቡኤንደ አለ አለችው። አስተርጓሚው "የአረጋውያን መኖሪያ" ብሎ ተረጎመው። ቀን ከሌት ነርስ አለ፣ ግቢው ዛፍ አለው። "መዛወር ይፈልጋሉ?"

"እሺ።"

"ባለቤትዎ እዚሁ ቴንስታ ይቀራሉ። ይገባዎታል?"

"እሺ።"

"ይፈልጋሉ፣ ገብቷቸዋል" አለ አስተርጓሚው። ጻፈች!

ብድግ አልኩ። "ጨረቃ ላይ ትሄዳለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው! እሺ ነው የሚልሽ! ራስህን ትላጫለህ ወይ በይው!" አስተርጓሚው የትኛውን እንደተረጎመ እንጃ። ሴትዮዋ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ስለ እሱ እኔ መመለስ እንደማልችል ነገረችኝ። ፈቃዱ የራሱ ነው፣ ከራሱ አፍ ነው የምሰማው አለች። አክሱማዊት ክንዴን ይዛ "ማማ፣ ሉግና ደይ" ትለኛለች። ተረጋጊ መሆኑ ነው። ሊያዛውሩብኝ ያመለከተችው እሷ፣ ተረጋጊ ባይዋም እሷ!

ሴትዮዋ ከፋሲካ በኋላ ተመልሳ ትመጣለች። አንዴ ጠይቃው ያኔም እሺ ካለ፣ አበቃ፣ ክፍሉን ይሰጡታል።

እሑድ፣ ማርች 8

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲቱ፣ ስሟን አልጽፍም፣ "አይዞሽ፣ እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ" አለችኝ። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ወርውሬ ሄድኩ።

ከሰዓት አክሱማዊት ከሁስቢ መጣች። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ፣ ሁለታችንም በጩኸት። ጀርባሽ አልቋል ትለኛለች። ባለፈው ከመታጠቢያ ቤት ስታነሺው አብረሽ ወደቅሽ ትለኛለች። አንቺም ብትወድቂ ማንን ነው የማስታምመው? እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። "አባትሽን እንደ አሮጌ ሶፋ ልታስወጪው ነው?" አልኳት። አለቀሰች። በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

አድነው መሃላችን ተቀምጦ ምርኩዙን ይዞ ያዳምጥ ነበር።

ዓርብ፣ ማርች 13

ሙፈሪሃት ምስር ሳምቡሳ ይዛልኝ መጣች። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናት፣ የወሎ ልጅ፣ እሷም ሽማግሌ ስታጥብ ነው የምትውል። የሆዴን ዘረገፍኩላት። አክሱማዊትን ረገምኩ፣ የቢሮዋን ሴትዮ ረገምኩ፣ ፍሪዳንም ከነካርዷ።

ሰምታኝ ሰምታኝ፣ "አብሽሩ እትዬ ሸዋሉል" አለች። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ እሳቸውን ጠይቀዋቸዋል?"

"ምኑን?"

"መሄድ ይፈልጉ እንደሁ።"

"እሺ ነው የሚለው እኮ!"

"መልሳቸውን አላልኩም። ጠይቀዋቸዋል ወይ ነው ያልኩ።"

ሳህኗን አጥቤ መለስኩላትና ሥራ አለብኝ አልኳት። ደፋር! ሚስቱ እኔ ነኝ፣ አላውቅም እንዴ የሚፈልገውን?

ሳምቡሳውን አድነው ጨረሰው።

ቅዳሜ፣ ማርች 21

አክሱማዊት መጣች። እኔና እሷ አልተነጋገርንም። ቀጥታ አባቷ ፊት ተቀምጣ የፍሪዳን ካርዶች ዘረጋች። ከኪሷ የሱሺ መብያ እንጨት አወጣች።

ልጅ ሳለች አድነው ፊደል ያስቆጠራት የኔታ እሱን ባስቆጠሩት መንገድ ነበር። ቁጥር ይሉታል። በስንደዶ አንድ አንዷን ፊደል እየነኩ፣ እየጎተቱ፣ በዜማ። ከንባብ በፊት ቁጥር ነው፣ ያልቆጠረ አያነብም ይል ነበር። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ይቆጣል። አንድ ቀን ስንደዶውን ሰብራ ጣለችና ከዚያ ወዲህ አማርኛ አልመልስም ብላ ቀረች። የረሳችው ነበር የመሰለኝ።

አልረሳችም! በእንጨቱ የስዊድንኛውን ቁራጭ እየነካች በዚያው ዜማ ጎተተችው። ኤልድ... ረ... ቡ... ኤን... ደ። የአድነው ዓይን ፈጠጠ። ግራ እጁ ተነሳ። በሁለተኛው ዙር አብሮ አንጎራጎረ። በአራተኛው ነው መሰለኝ፣ አክሱማዊት ረ ላይ ቆም ስትል "ቡ" አለ። ከገዛ አፉ! ቡ!

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። "ከቃል ሁሉ ምነው እሱን? የመባረሪያውን ቃል ታስጠኚዋለሽ?"

በስዊድንኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ የሚጠየቀውን ነገር በራሱ አፍ ይያዘው አለችኝ። ያልያዘውን ነገር እንዴት ይመልሳል?

ሻይ ቀዳሁላት። ያለ ስኳር፣ ገና አልታረቅንም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 1

አድነው "ቡስ-ሆል-ፕላትስ" አለ። የአውቶቡስ ፌርማታ። ሦስቱንም ቁራጭ፣ ፍሪዳ ፊት፣ በየኔታ ዜማ። ፍሪዳ ይሄ ዜማ ከየት መጣ አለች፣ ለሌሎች በሽተኞቿም ልትሞክረው ፈለገች። ንግግር ሲጠፋ ዘፈን የማይጠፋበት ምክንያት አለው ብላ ስለ ግራና ቀኝ አንጎል አስረዳችኝ። ግማሹ ገባኝ። ይቺን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አልረግማትም።

እምቢ ግን አልወጣም። እኔ ነኝ የማስጠናው፣ እምቢ ካርድ የለውም። እም በል! እሺ። ቢ በል! እሺ። ሁለት ቁራጭ ናት እኮ፣ ከቱኔልባና ግማሽ! ስንት ዘመን እኔ ላይ ስትረጫት የኖርካት ቃል የት ገባች? ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ስጮህ ከታች ያሉት በመጥረጊያ ጣሪያቸውን መቱ። ይምቱ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

ጸሎተ ሐሙስ ነው። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ።

አይብ ገዛሁ። ዳቦ ላይ ወፍራም አድርጌ ቆርጬ አድነው ፊት አስቀመጥኩ። በሕማማት! "ብላ" አልኩት።

ሳህኑን አየ። እኔን አየ። ያበድኩ መሰልኩት፣ አብጄም ነበር።

"ብላ እንጂ! እሺ በልና ብላ!"

ፊቱ ቀላ። አፉ ተከፈተ፣ ለእሺ ሲዘጋጅ የሚያደርገው ነገር አለ፣ ከንፈሩን ያሾላል፣ አውቀዋለሁ። ገጠመው። ግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ።

"እም።"

እንደገና መታ።

"ቢ።"

ሳህኑን ገፋው። ወለል ላይ ተከሰከሰ። ስብርባሪው መሃል ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ።

ቆይቶ ውሃ ልስጥህ ስለው እሺ አለ። ሻርፕ ልደርብልህ? መታ፣ መታ። እም-ቢ። ስለዚህ አውቆ ነው። የሚፈልገውን እሺ፣ የማይፈልገውን እምቢ።

ወለሉን እየጠረግኩ ነው ድንገት የመጣብኝ። እስከ ዛሬ የቢሮዋ ሴትዮ ስትጠይቀው እሺ ያለው ቃል ስለሌለው ነው ብዬ እጮህ ነበር። አሁን ቃል አለው። አሁንም እሺ ቢልስ? በኔ ጩኸት የሰለቸ እንደሆነስ? ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ለስላሳ ነርስ... የሙፈሪሃት ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ።

ዘጋሁት። ፈራሁ። ሰውን ሁሉ ስቆጣ የሰነበትኩት ለካ ይሄን ፈርቼ ነው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 22

መጣች። ያው ወንበር፣ ያው ስልክ። አክሱማዊት በአባቷ ቀኝ፣ እኔ በግራው። ምላሴን በጥርሴ ይዣለሁ።

ሴትዮዋ ስለ ክፍሉ ነገረችው። ተለቋል፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው። እንደገና በትህትና ጠየቀች። ኤልድረቡኤንደው መግባት ይፈልጋሉ? አስተርጓሚው "የአረጋ..." ብሎ መስመሩ ተቋረጠ።

"አንዴ ይጠብቁ" ብላ ስልኩን ስትነካካ አድነው ጠረጴዛውን መታ።

"ኤልድ።"

ቀና አለች።

"ረ። ቡ።" ዜማውን አልተወም፣ ጎተተው፣ የኔታ ፊት የተቀመጠ ይመስል። "ኤን። ደ።" ላብ በግንባሩ ወረደ። ቃሉ ሙሉውን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ እግዚኦ እላለሁ በሆዴ። ከዚህ በኋላ ምን ይል ይሆን?

ሁለቴ መታ።

"እም-ቢ።"

ሴትዮዋ ወደ ስልኩ አየች፣ ስልኩ ሞቷል። ወደኔ ዞረች። "ምን አለ?"

እንዴት ደስ አለኝ! "ስለ እሱ መመለስ አትችይም ብለሽኛል" አልኳት። አፌን ገጠምኩ። ለካ እኔም እችላለሁ ዝምታ።

አክሱማዊት የአባቷን እጅ ይዛለች። ያመለከተችው እሷ ናት፣ ክፍሉን ሄዳ ያየችው እሷ ናት። ልትናገር ሁለቴ ሞክራ አቃታት። ከዚያ፣ "ኔይ" አለች። "ሃን ሳ ኔይ።" አይሆንም አለ። ለሴትዮዋ ስትተረጉም ዓይኗ ከአባቷ ላይ አልተነሳም።

ሴትዮዋ እንደ ሕጓ በሌላ በኩል አዙራ ጠየቀች። እዚህ ቤት መቆየት ይፈልጋሉ? ከባለቤትዎ ጋር?

አድነው ወደኔ ዞረ። ቆየ። አቤት አቆያየቱ! ፀጉሬን አየ፣ እጄን አየ፣ ስንት ዘመን የጮህኩበትን አፍ አየ። እንዲህ አስቦ ይመልሳል አላልኩም ነበር።

"እሺ።"

ይቺኛዋን አክሱማዊት መተርጎም አላስፈለጋትም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

የቢሮዋ ሴትዮ ረዳት ጨመረችልን፣ መታጠቢያ ቤቱ ብረት መያዣ ይገባለታል። አክሱማዊት ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፣ አንቺ ጀርባሽን አሳርፊ አለች። "እመጣለሁ" ያለችው በአማርኛ ነው፣ የቀረውን በለመደችው።

ዛሬ የልብስ ተራችን ነበር። አንተ ተቀመጥ አልኩት። እምቢ። እርጥብ ነው፣ ትንሸራተታለህ። እምቢ። ኮቱን ላልብስህ። እምቢ! ይሄው ሰሞኑን ሥራው ይሄ ነው። መድኃኒቱን እምቢ፣ ሾርባውን እምቢ፣ ዜና ልዝጋ ስለው እምቢ። ጠረጴዛው ድብደባ በዛበት።

በሊፍት ወርዶ በምርኩዙ ትቬትስቱጋው በር ላይ ተገተረ፣ ተራችን ሳይደርስ። ያ ጎረምሳ ቅርጫቱን ይዞ ብቅ አለ፣ አድነውን አየ፣ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ማሽኑ ላይ ተጣላን። እኔ ስድሳ ዲግሪ አደርጋለሁ፣ እሱ ማዞሪያውን በግራ እጁ ወደ አርባ ይመልሰዋል። አዞራለሁ፣ ይመልሳል። "የሚታጠበው የኔ አንሶላ ነው!" "እምቢ!" "አንተ ድሮም ግትር ነህ! እናትህም ግትር ነበሩ!" ምርኩዙን ወለሉ ላይ ደቀደቀውና፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ ሳይቸኩል፣ "ሸ። ዋ። ሉል" አለ።

ስሜን። ከታመመ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያውም ሊቆጣኝ!

ላለቅስ ነበር፣ ግን ተናድጄ ስለነበር አላለቀስኩም። በአርባ ታጠበ። አንሶላው አልነጣም፣ አልኩት አይደል?

ምሳ አቅርቤ አልጠራሁትም። ራሱ መጥቶ በላ። አሁን እሱ ሶፋው ላይ፣ እኔ ኩሽና። አላናግረውም፣ እሱ ይጀምር።

እሱም ዘግቶኛል። መናገር እየቻለ።